ወይዘሮ ሙሉሸዋን ይዞ ሞምባሳ

ናይሮቢ ውስጥ ለሽርሽር የሚነሣ ሐበሻ ሁሉ፣ ሻንጣውን ሳይዘጋ ደርሶ ሐሳቡን የሚያስቀይረው አንድ አማካሪ አያጣም። የእኛ አማካሪ ክብርት ወይዘሮ ሙሉሸዋ ናቸው። ኪሊማኒ ሠፈር፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ።

ክብርትነታቸው በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሠራተኞችን ጉዞ ያዘጋጃሉ። ትኬት የሚቆርጡት፣ ሆቴል የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ጉዞው የቀናው ሰው ደውሎ «ተመችቶኛል» አይላቸውም። የሚደውለው ጎማ የፈነዳበት፣ ሆዱን የቆረጠው፣ ዝንጀሮ ቁርሱን የነጠቀው ነው። ስለዚህ ከከተማው ሳይወጡ ኬንያን ከዳር እስከ ዳር ያውቋታል፤ የሚያውቋት ግን በስሞታ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሐሊና እዚህ ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዕረፍት ፈቃዳችን ገጠመ። ደረጃው ላይ የት እንሂድ ስንባባል ሰሙን።

«ናይቫሻን አስበናል» አልኳቸው።

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ፤ ይህን የሚሉት ሊገቡበት ሲሉ ነው። «ግን እዚያ ሲመሽ ጉማሬው ከሐይቁ ወጥቶ ደጃፍህ ላይ ሣር ይግጣል። እንደምን አመሸህ ልትለው ነው?»

«ማሳይ ማራስ?»

«ጭቃ ነው። አንተ መኪና ስትገፋ አንበሳው ቆሞ ያይሃል።»

«ላሙ ደሴትስ?» አለች ሐሊና።

«መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የሚሄዱት በአህያ ነው። አህያ ፍለጋ ከኢትዮጵያ ይወጣል?»

ፀጋዬ የሚባል ጓደኛችን ዓምና ምክራቸውን ሰምቶ፣ ፈቃዱን በሙሉ ካሳራኒ ሠፈር ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች ሲያልፉ እያየ ጨረሰው። ሐሊና ይህን ታውቃለች። ሌላ ፈቃድ ደግሞ መቼ አብረን እንደምናገኝ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ሞምባሳንም ሳያጣጥሉብን ቀደመቻቸው።

«እትዬ ሙሉሸዋ፣ ሞምባሳ ለምን አብረውን አይሄዱም? ክፉ ነገር ቢገጥመን አጠገባችን ይሆናሉ።»

ሐሊናን በዓይኔ ለመንኳት፤ አላየችኝም። ወይዘሮ ሙሉሸዋም፣ «ባቡሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው?» አሉ።

ዣንጥላ፣ አንድ ከረጢት መድኃኒትና ሠፈሩን የሚያጠግብ ዳቦ ቆሎ ይዘው መጡ። ባቡሩ ከተነሣ ጀምሮ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ባሕር ዳርቻው ሌባ አስጠነቀቁን። ጻቮ የአራዊት ፓርክ ስንደርስ ግን ከመስኮቱ ማዶ በቀይ አፈር የተለወሱ ዝሆኖች ግልገሎቻቸውን አስከትለው ሲያልፉ አዩ። ንግግራቸው ተቋረጠ። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው፣ ዝሆኖቹ ከዓይን እስኪጠፉ አልተነቃነቁም።

«ይኼን ደውሎ የነገረኝ ሰው የለም» አሉ በቀስታ።

በዚያው ቀን ማምሻውን ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ባሕሩ ውስጥ ቆሙ። ስለሚናደፉ የባሕር ፍጥረታት ሁሉ ያስረዱን ነበር፤ ራሳቸው ግን ይውጡ ቢባሉ አልወጣም አሉ።

አንድ ጠዋት፣ «ባልና ሚስት ናችሁ፤ ዛሬ ለብቻችሁ ዋሉ» ብለው ክፍላቸው ቀሩ። ስንመኘው የነበረ ነገር ነው። አሸዋው ላይ ተጋደምን፤ ነፋሱ ደስ ይል ነበር። የሚነድፈን፣ የሚሰርቀን፣ የሚያሰጥመን ነገር አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ሐሊና ወደ ሆቴሉ ዞራ አየች። እኔም አየሁ። ተነሥቼ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«በጀልባ ልንወጣ ነው» አልኳቸው። «ምን ሊደርስብን ይችላል?»

«በጀልባ?» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ስንቱ ተነግሮ ያልቃል። ቆይ ባርኔጣዬን ላድርግ፤ እየሄድን እነግራችኋለሁ።»