ሽማግሌ በላክኩ ቀን የያዘኝ ፍሬን

ዛሬ የደረሰብኝን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት። ውጫሌ አውርታ ጨርሳለች፤ ሐይቅ ለማታ ይደርሳታል።

ሽማግሌ ላክኩ። አዎ፣ እኔ ሰይድ፣ ሐይቁ ዳር አሣ የምጠብሰው! ለዘሀራ።

አባቷ ጋሽ ሙሄ ያሉት ውጫሌ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭነት መኪና የነዱ፣ ፊታቸው ራሱ «ቁም» የሚል ታፔላ የሚመስል ሰው ናቸው።

ሽማግሌዬ ደግሞ ሸህ ይማም። «በሚኒባስ ይሂዱ» ስባል እምቢ አልኩ። በገዛ ሞተሬ ወስጄ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ያለው መታጠፊያ ላይ አውርጄ ልደበቅ ነበር ፕላኑ። ጠያቂው ራሱ እዚያ አይታይማ፤ ነውር ነው።

ሞተሯ አሮጌ ናት። ሰሞኑን ደግሞ ጉልበት አጥታለች። ዘሀራ «ጋራዥ አሳያት» ትለኛለች። እኔ እያለሁ? ኢንተርኔት እያለ?

ካርቡሬተሯን ፈትቼ አጠብኩ። ካንዴላ ቀየርኩ። ካቴናውን አላላሁ። «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» ብዬ የቀዳልኝን ሰውዬ ተጣላሁ።

ምንም!

ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ላይ ባጃጅ አለፈን። ሦስት ሰውና አንድ በግ የጫነ ባጃጅ።

«ሰይዶ፣ እኔ ከብጄባት ይሆን እንዴ?» አሉ ሸህ ከኋላዬ።

ሸህ ይማም ከነጋቢያቸው ቢመዘኑ ግማሽ ኩንታል አይሞሉም። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ትንሽ ሳይሆን አይቀርም፣ ሸህ።» አወረድኳቸው። እኔን ለመዳር ዳገቱን በእግራቸው ወጡ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከዳገቱ በላይ መልሼ ጭኛቸው መታጠፊያው ጋ ስንደርስ «ጠጋ አድርገኝ፣ እግሬ ዝሏል» አሉ። ምን አፍ አለኝ? ጠጋ አደረግኳቸው።

በሩ ላይ ሞተሯ ቀጥ አለች።

ሸህ ገቡ። እኔ ልሰወር ሞተሯን ብገፋት አትገፋም። የፊት ጎማዋ የተተከለ ነው የሚመስለው፤ ጭስ ይወጣዋል። ከውስጥ የሸህ ድምፅ ይሰማኛል፦ «ልጃችን አደብ ያለው፣ ንብረት መያዝ የሚያውቅ...»

ጋሽ ሙሄ ጭሱ ሸቷቸው ወጡ። ሰላምታ የለም።

«ከኋላ ጫን በላት» አሉኝ። የፊት ጎማው ተነሣ። ሊያሽከረክሩት ሞከሩ፤ ንቅንቅ የለም። ጣታቸውን ውሃ ነክረው ዲስኩ ላይ ጠብ አደረጉበት። ጭሽሽ አለ። «ጉልበት አጥታ ነው፤ ካርቡሬተሯንም አጥቤያለሁ» አልኳቸው።

«ሞተሩ ምን በደለህ? ፍሬኑ እኮ ነው ይዞ አልለቅ ያለው።»

መፍቻ አስመጥተው ፍሬኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አደረጓት። ፈሳሹ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማው ተለቀቀ። ፈሳሹን በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ፍሬን ዘይት።»

«አሣ አሣ ይላል።»

እሺ፣ ልናዘዝ። ከሳምንት በፊት ፍሬን ዘይቱ ጎድሎ አየሁ። ስሙ ዘይት አይደል? ዘይት ደግሞ ቤቴ ሞልቷል! ደግሞ አንዴ ብቻ ነው አሣ የተጠበሰበት፤ በሻሽ አጥልዬዋለሁ!

ለካ ፍሬን ዘይት ስሙ ነው እንጂ ከምግብ ዘይት ጋር ደመኛ ነው። ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሳብጦልኛል፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፍሬኑን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ይህን ጋሽ ሙሄ ሲያስረዱኝ ሸህ ይማም፣ ሳይጠሩ የመጡ ጎረቤቶች፣ ዘሀራም በመስኮት ይሰማሉ።

«ዘይቱን ስትጨምር ማንን ጠየቅህ?»

መፍቻውን አንስቼ መጥረግ ጀመርኩ።

ወላሂ እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም። ዘሀራን ያጣኋት መሰለኝ።

ጋሽ ሙሄ ወደ ሸህ ዞሩ። «ሸህ፣ እኔ ስፈራ የኖርኩት ፍሬኑን የበጠሰ ጎረምሳ እንዳይመጣባት ነበር። ፍሬን አልለቅ ያለው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

ሸህ ይማም ከት ብለው ሳቁ። የኔው ሽማግሌ!

ከዚያ ፍርዱ መጣ። «የማያውቀውን መጠየቅ ሲለምድ ተመለሱ። እርስዎ ግን በሚኒባስ ይምጡ።»

ዘሀራ ቆየት ብላ ቴክስት ላከች፦ «አባዬ እምቢ ሲል ይህን ያህል አያወራም። ጠይቅ።»

ስለዚህ ወገን፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እየጠየቅኩ ነው። እነዚያ የፍሬን ጎማዎች ደሴ የት ይገኛሉ? ዘይቱ የገባበት የፍሬን መስመርስ በምንድነው የሚታጠበው? ኮሜንት ላይ በአደብ መልሱልኝ፤ ስክሪንሾቱ የሚሄደው ለአማቴ ነው፣ ኢንሻአላህ።