የወንዳወቅ መንጋጋና የይስማው ጾም

ይስማው፦ ክፈተው እንጂ።

ወንዳወቅ፦ ከፍቻለሁ።

ይስማው፦ ይሄ ተከፈተ ይባላል? እንኳን ጉርሻ፣ የጤፍ ፍሬ አይገባበትም።

ወንዳወቅ፦ ያመኛላ።

(ክርክሩ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ቄስ ወልደ ሐዋርያት ቤት በሚያወጣው አቀበት መሃል ላይ ነው። ወንዳወቅ የውኃ ጽሕፈት ቤት መሐንዲስ ነው። ትናንት ከአበርገሌ ሲመለስ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ጣለውና አንገቱን ደፍቶ ተኛ። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ የገዛ ጉልበቱ ተስፈንጥሮ አገጩን አቀመሰው። ዛሬ ደግሞ፣ ከቀን ሁሉ ዛሬ፣ የሰላማዊት አባት፣ ቄሱ፣ ለምሳ ጠርተውታል። ልጅቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳታል፤ አባትየው ደግሞ ሰውየውን ሳያዩት ሽማግሌ አልቀበልም ብለዋል። አብሮኝ ይግባ ብሎ ያመጣው ይስማው የጽሕፈት ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ነው። የማያውቀው ነገር የለም፤ ጣጣውም እሱ ነው።)

ይስማው፦ እናትየው ሊያጎርሱህ ነው፤ ገብቶሃል? እምቢ ካልክ ናቀን ይሉሃል። እሺ ካልክ ወጡ ሸሚዝህ ላይ ይቀራል።

ወንዳወቅ፦ መንጋጋዬን ተመትቼ ነው እላቸዋለኋ።

ይስማው፦ ማን መታህ ሲሉህስ?

ወንዳወቅ፦ ጉልበቴ።

ይስማው፦ የማን ጉልበት?

ወንዳወቅ፦ የኔ።

ይስማው፦ ስማኝ፣ ረጋ ብለህ አስበው። በገዛ ጉልበቱ ለተደበደበ ሰው ልጁን የሚሰጥ ማን አለ? እኔ መግለጫ ስሰጥ ነው የኖርኩት። እውነት እንዲህ በጥሬው አይቀርብም።

ወንዳወቅ፦ ታዲያ እንዴት ነው የሚቀርበው?

ይስማው፦ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?

ወንዳወቅ፦ ዓርብ።

ይስማው፦ አለቀ። ጾመኛ ነህ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል በአፍህ አይዞርም። ቄስ ቤት ከዚህ የበለጠ ምን ያስወድድሃል?

ወንዳወቅ፦ ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው እኮ።

ይስማው፦ አለፈ አይደል? ካለፈ ረቡዕና ዓርብ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። አጎቴ እኮ ዲያቆን ነው።

ወንዳወቅ፦ አንተስ ትጾማለህ?

ይስማው፦ እኔ አልጾምም። ሕጉን ግን አውቀዋለሁ።

(ነገሩ ወንዳወቅን አላሳመነውም። ግን በታመመ መንጋጋ ከይስማው ጋር መከራከር አበርገሌ ድረስ በእግር እንደ መሄድ ነው፤ ተወው። ገቡ፣ እጅ ታጠቡ፣ ተቀመጡ። የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከዶሮው ወጥ አንስተው የጠቀለሉት ጉርሻ የሕፃን ጡጫ ያህላል። ሰላማዊት ጓዳው በር ላይ ቆማ ታያለች።)

ቄሱ፦ በሉ ልጆቼ፣ እንደ ቤታችሁ። ወንዳወቅ፣ እናትህ ታጉርስህ።

ይስማው፦ አባ፣ እሱ ለመናገር አፍሮ ነው እንጂ ጾመኛ ነው።

ቄሱ፦ ምን ጾም?

ይስማው፦ ዓርብ አይደል አባ? ዓርብን አጥብቆ ነው የሚይዝ።

ቄሱ፦ በበዓለ ሃምሳ?

ይስማው፦ እንዴት አባ?

ቄሱ፦ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምማ። ይሄን ማን ያጣዋል? ወንዳወቅ፣ አንተ አታውቅም ኖሯል?

(ወንዳወቅ አዎም አይደለምም በማይባል አኳኋን ራሱን ወዘወዘ። የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እጅ ከነጉርሻው እንደተዘረጋ ነው።)

ይስማው፦ ያውቃል አባ፣ አሳምሮ ያውቃል። ይሄ የአዋጁ ጾም አይደለም። የንስሐ ነው።

ቄሱ፦ በሃምሳው ቀን ጹም ያሉት ኃጢአቱ ምን ቢሆን ነው?

ይስማው፦ እሱ እንኳ አይነገርም።

ቄሱ፦ ከባድ ነው?

ይስማው፦ መካከለኛ ነው አባ።

ቄሱ፦ ሰው ገድሏል እንዴ?

ይስማው፦ ኧረ በስመ አብ። ድብድብ ቢጤ ናት።

ቄሱ፦ ከማን ጋር?

ይስማው፦ ከቅርብ ሰው ጋር ነው። አሁን ታርቀዋል።

(ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጉርሻውን ቀስ አድርገው ወደ ትሪው መለሱት። ሰላማዊት ከበሩ ላይ ጠፋች። ወንዳወቅ ጉርሻው ግድም አልሰጠው፤ ባዶውን በር ሲያይ ግን ልቡ ወረደ።)

ይስማው፦ ብቻውን እንዳይከብደው ብዬ እኔም አብሬው እየጾምኩ ነው።

ወንዳወቅ፦ ውሸት ነው!

(እንዲህ ለማለት አፍ መከፈት አለበት፤ ተከፈተም። መንጋጋው ቀጭ ብሎ እንባው በጉንጮቹ ወረደ።)

ወንዳወቅ፦ አባ፣ ጾምም ንስሐም የለብኝም። መኪና ውስጥ ተኝቼ ጉልበቴ አገጬን መታኝ፤ አፌ አልከፈት ብሎኝ ነው። የመጣሁት ሰላማዊትን ስለምወዳት ነው። ሌላ ነገር የለኝም።

ቄሱ፦ የማን ጉልበት ነው የመታህ?

ወንዳወቅ፦ የኔ።

(ከጓዳ በኩል አንዲት ሴት ሳቋን መያዝ አቅቷት ፈነዳች፤ ሰላማዊት ናት። ቄሱም ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለባለቤታቸው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር አሏቸው፤ እሳቸውም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ወደ ጓዳ ገቡና ለብ ያለ አጥሚት በብርጭቆ ይዘው ተመለሱ።)

ቄሱ፦ ይቺን ጠጣ፣ ማኘክ አያስፈልጋትም። እኔም ዲያቆን ሳለሁ ይቺን ባለቤቴን ብዬ ጽጽቃ ስሄድ፣ በቅሎዬ አባቷ ደጅ ላይ ጣለችኝ። ያየኝ የለም ብዬ አቧራዬን ሳራግፍ አባትየው ደጃቸው ላይ ቆመዋል።

ወንዳወቅ፦ ምን አሉዎት?

ቄሱ፦ «ወርደህ ጨርሰሃል ወይስ ገና ነህ?» አሉኝ።

(ወንዳወቅ ሊስቅ ሞከረና መንጋጋውን ያዘ። ይስማው ነገሩ በሳቅ ማለፉን ሲያይ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ትሪው ጠጋ አለ።)

ቄሱ፦ ተው ልጄ። ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።

ይስማው፦ አባ፣ በበዓለ ሃምሳ አይጾምም አላሉም?

ቄሱ፦ የአዋጁን ነው ያልኩት። ያንተ የንስሐ ነው፤ አሁን ደግሞ ኃጢአቱንም በጆሯችን ሰማነው።

ይስማው፦ እኔ እኮ ለሱ ብዬ ነው።

ቄሱ፦ አውቃለሁ። ወንዳወቅ፣ ሽማግሌ ላክ፤ እቀበላለሁ። ይሄ ልጅ ግን ከነሱ ጋር እንዳይመጣ።

(ወንዳወቅ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጉልበታቸውን ሊስም ተነሣ። እሳቸውም ያንን አገጩን በእጃቸው ደግፈው ከመንገድ አስቀሩት።)

ይስማው፦ እኔ ከሌለሁ ማን ሊናገርለት ነው አባ?

ቄሱ፦ እሱ እንኳ በተዘጋ አፉ ልጄን አገኘ። አንተ በተከፈተው ምሳህን አጣህ።