የሄምፕ ቅባት በግምገማ መድረክ

ሳይንስ እስከ ዛሬ የሚንፏቀቀው ኮሚቴ ስለሌለው ነው። ተመራማሪ የተባለ ሁሉ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ዕድሜውን የሚጨርሰው፣ አጀንዳ የሚያስይዘውና ቃለ ጉባኤ የሚጽፍለት ሰው አጥቶ ነው። ይህን የሰው ልጅ ጉድለት በሚኒሶታ፣ በመንትዮቹ ከተሞች የሚገኘው የእኛው የሾፌሮች መረዳጃ ማህበር ሞልቶታል። ኩራታችን ከልክ ያለፈ የሚመስለው ካለ ታሪኩን እስክንጨርስ ይታገሰን፤ ከዚያም በኋላ ካልተዋጠለት ችግሩ የጉሮሮው ነው።

ዘመኑ ሄምፕ በሕግ የተፈቀደበት ሰሞን ነበር። ሄምፕ የሐሺሽ የአክስት ልጅ ነው፤ መልኩ እሱን ይመስላል፣ ግን አያሰክርም። በዚያ ሰሞን ሄምፕ ያልገባበት ነገር አልነበረም። ነዳጅ ማደያው ይሸጠዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ ይሸጠዋል፣ የውሻ ብስኩት ውስጥ ሳይቀር አለ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው ቲጂም ከዘመኑ አልዘገየችም። የሄምፕ ቅባት በአረንጓዴ ብልቃጥ ደረደረችና፣ ራስ ምታትን፣ ቁርጥማትንና እንቅልፍ ማጣትን እንደሚፈውስ ለሁሉም ተናገረች፤ «ያንን የታችኛውንም» እንደሚፈውስ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለሾፌሮች ብቻ።

የታችኛው የተባለውን እኔ በስሙ ልጥራውና ልገላገል፤ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው። ከጥፍር የማትበልጥ ቁስል ናት፤ ነገር ግን ሰውየው ሽንት ቤት በገባ ቁጥር በመስታወት ስባሪ የተቆረጠ ያህል ታስጮኸዋለች። ከማን ጋር መወዳጀት እንዳለባትም ታውቃለች። ፎርት ስኔሊንግ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ተሰልፎ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሾፌር ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ተራው እንዳያልፈው ሽንት ቤት አይሄድም፤ ሽንት ቤት እንዳይሄድ ውኃ አይጠጣም፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ጥብስ በሚጥሚጣ ይበላል። ከዚህ የተሻለ ማረፊያ ከየት ታገኛለች?

ሆርዶፋ ከነዚህ ሾፌሮች አንዱ ነበር። እንጀራው የሚገኘው በመቀመጥ ነው፤ መቀመጥ ግን ካቃተው ሰንብቷል። አንድ ጎኑን አንሥቶ፣ ወደ መስኮቱ ተንጋድዶ ድራይቭ ሲያደርግ የሚያዩት ተሳፋሪዎች፣ ጆሮውን አዘንብሎ ጨዋታቸውን የሚያዳምጥ እየመሰላቸው ይወዱት ነበር። እሱ ግን እንዲህ ሆኖ ብዙ እንደማይቆይ ያውቃል፤ መሪውን ከለቀቀ ሌላ ሥራ የለውም። ሚስቱ ኢብሲቱ ሐኪም ዘንድ ሂድ ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

«ሄጄ የለም እንዴ?» አላት።

«ሄደህ ምን አልክ?»

«ወገቤን አልኩ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ወገብህን ነው የሚያምህ?»

«አስተርጓሚዋ ዙለይሃ ነበረች። ዙለይሃ ፊት ምን ልበል?»

ዙለይሃ በክሊኒኩ የአማርኛና የኦሮምኛ አስተርጓሚ ናት። ሰርግ ላይ አለች፣ ለቅሶ ላይ አለች፣ ልጅ ሲመረቅ ፎቶው ውስጥ አለች። የሰማችውን ለማንም እንዳትናገር ሕግ እንደሚያስራት ሁላችንም እናውቃለን፤ ሕጉ ግን እሷን እንጂ የእኛን ፍርሃት አያስርም። ሆርዶፋ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ተርሚናልና ሻንጣ ላይ ስለሚያበቃ ያለ እሷ መናገር አልቻለም፤ በእሷ በኩልም አልደፈረም። ወገቤን አለ፤ ሐኪሙም የወገብ እንቅስቃሴ አዘዘለት። ወገቡ ቀድሞም ምንም ስላልነበረው ባጭር ጊዜ ዳነ።

ከዚያ ወደ ቲጂ ሄደና ቅባቱ ለጓደኛው እንደሆነ ነገራት። ቲጂም ለጓደኛው ትልቁን ብልቃጥ ሰጠችው፤ ጓደኛው ጠዋትና ማታ እንዲቀባ፣ መኪናው ውስጥም ትራስ እንዲያደርግ አደራ አለችው። ጓደኛው ሾፌር መሆኑን አልነገራትም ነበር። ቅባቱ፣ ማስቲካ ውስጥ ገብቶ ምላስ የሚለበልበው ሚንት አለበት። ሚንት ጉንፋን ለያዘው ደረት መልካም ነገር ነው። መጀመሪያ የተቀባ ዕለት ከመታጠቢያ ቤት የወጣውን ድምፅ የሰማችው ልጁ ሎሚ በሩን አንኳኩታ «ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችው። እየዘመርኩ ነው አላት።

በማህበሩ ውስጥ ግን ሁለት ስጋት ተነሥቶ ነበር። አንደኛው፣ ቅባቱ በሽንት ምርመራ ሐሺሽ ሆኖ ይታይና ፈቃዳችንን እንነጠቃለን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለክርስቲያኑ ኃጢአት፣ ለሙስሊሙም ሐራም ይሆን ወይ የሚል ነው። ጉባኤው ጉዳዩን ሲያነሣ አንድ አስደናቂ ነገር ተገለጠ። ከአባላቱ መካከል አንድም የታመመ አልነበረም፤ ሁሉም ግን የታመመ ጓደኛ ነበረው። ለእነዚህ ምስኪን ጓደኞች ሲባል የሄምፕ ቅባት ገምጋሚ ጊዜያዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሆርዶፋም ቁርጡን ማወቂያ ሌላ መንገድ ስላልታየው ኮሚቴው ውስጥ ገባ።

ሰብሳቢው አቶ እንግዳ ሆኑ። አቶ እንግዳ ዛሬ እንደ ሌሎቻችን ከአየር ማረፊያው ወደ ኤደን ፕሬሪ ሰው ያመላልሳሉ እንጂ፣ በአገር ቤት የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ምን ይሠራ እንደነበር ማንም አያስታውስም፤ ይገመግም እንደነበር ግን ሁሉም ያስታውሳል። ግምገማ ማለት፣ ዕድለኛ ሆኖ ላልደረሰበት፣ ሰዎች ክብ ሠርተው አንዱን መሃል ያደርጉና ጠንካራና ደካማ ጎኑን የሚዘረዝሩለት፣ እሱም ግለ ሂስ አድርጎ የሚላቀቅበት የአስተዳደር ጥበብ ነው። አቶ እንግዳ አንድን ነገር መመርመሪያ ሌላ ዘዴ አያውቁም፤ ይኖራል ብለውም አይጠረጥሩም። ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አቆሙና ለግምገማ አቀረቡት።

የኮሚቴው አባል ያደታ ኬሚስትሪ ጀምሮ ያቋረጠ በመሆኑ የሳይንስ ዘርፍ ተጠሪ ተብሏል። ጠንካራ ጎኑን እሱ ዘረዘረ፦ ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ሽታው ደስ ይላል፣ አረንጓዴ መሆኑም የልማት መንፈስ ያሳያል። ከደካማ ጎን አንጻር፣ በላዩ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ለማኅበረሰቡ ያለውን ተቆርቋሪነት አጠያያቂ ያደርገዋል ተባለ። ቀጥሎ ቅባቱ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ዕድል ተሰጠው። ዝም አለ። ዝምታው እንደ ትሕትና ተመዘገበለት።

የኃጢአቱ ጥያቄ ለቄሱና ለሼኩ ተመርቶ ነበር። ሁለቱም አባቶች መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንዳንድ ብልቃጥ እንዲላክላቸው ጠየቁ። የሽንቱ ጥያቄ ደግሞ፣ የሚመረመር እስኪገኝ ድረስ በይደር ቆየ።

ሆርዶፋ መቀመጫ ቢሰጠውም ቆሞ ነበርና ከቆመበት ጠየቀ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፣ ግን ሳይሞከር እንዴት ይታወቃል አለ። አቶ እንግዳ በጥያቄው እጅግ ተደሰቱ። በተግባር የፈተነው ካለ ይናገር ሲሉ ያደታ እጅጌውን ሰበሰበ። ክርኑን ሲቀባ ሰንብቷል።

«ከመቀባትህ በፊት ያምህ ነበር?» አሉት።

«የለም።»

«ከተቀባህ በኋላስ?»

«ኧረ ምንም አላመመኝ።»

«ይጻፍ። ተጠቃሚው ከሕመም ነፃ ሆኗል።»

«አቶ እንግዳ፣» አለ ሆርዶፋ፣ «ቦታው እኮ ክርን አይደለም።»

«የትኛው ቦታ?»

ሆርዶፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያው... ጓደኞቻችንን የሚያማቸው።»

«በስም መጥራት አያስፈልግም፣ ጨዋ ሰዎች ነን። ከዛሬ ጀምሮ የሚመለከተው አካል እንበለው።»

ጥናቱም በሰፊው ቀጠለ። ክርን ተቀባ፣ ጉልበት ተቀባ፣ ማጅራት ተቀባ፤ የሚመለከተው አካል ብቻ ባለበት ቀረ። የተገኘው ውጤት ተወዳዳሪ የለውም። ሕመም ያልነበራቸው ሰዎች በሙሉ፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ ቅባቱን ከተቀቡ በኋላ ሕመም አልተሰማቸውም። ይህን የሚያጣጥል ሐኪም ካለ ይምጣና ከእኔ ጋር ይከራከር። በሙያ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ እንከን የለሽ ውጤት አንድ ጊዜ እንኳ አግኝቶ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ ያፍራል።

ሆርዶፋ ግን እየባሰበት ሄደ። አንድ ቀን አየር ማረፊያው ላይ ተራው ደርሶ መኪናው ውስጥ መግባት አቃተው። በሩን ከፍቶ ቆመ። ከኋላው ያሉት ጥሩምባ ነፉ፤ ተሳፋሪዋ ሻንጣዋን ይዛ ትንሽ ጠበቀችውና ወደ ሌላ መኪና ሄደች። እንደምንም ቤቱ ደርሶ ለኢብሲቱ ከእንግዲህ መንዳት አልችልም አላት። ኢብሲቱ አልተከራከረችውም፤ ክሊኒክ ደውላ አፖይንትመንት ያዘችለት።

አስተርጓሚዋ ዙለይሃ ነበረች። ሆርዶፋ ግድግዳውን እያየ፣ እንደ ልማዱ ወገቤን ሊል አፉን ከፈተና፣ «ወገቤን አይደለም» አለ። የቀረውን እየተንተባተበ ተናገረው። ዙለይሃ ፊቷ ሳይለወጥ አስተረጎመችው። የገረመው ግን ሌላ ነው፤ ሐኪሙ ጥያቄውን ሳይጨርስ ትርጉሙ ይወጣ ነበር። ውኃ ይጠጣሉ ወይ፣ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ ወይ፣ ምን ቀቡበት ስትል፣ ብዙ ጊዜ የደገመችውን ትምህርት በቃሏ የምትወጣ ትመስላለች።

ሐኪሙ ሄምፕ ለዚህ ቁስል እንደሚጠቅም የሚያሳይ በቂ ጥናት እስካሁን አላየሁም አለ። ሚንት መኖሩን ሲሰማ ግን ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ውኃ ጠጣ፣ አትክልትና ተልባ አዘውትር፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተዘፍዘፍ፣ ይህንንም ቅባት ከፋርማሲ ውሰድ አለው። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ኮሪደሩ ላይ ሆርዶፋ ዙለይሃን፣ «እባክሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አላት።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣ የእርስዎ ብቻ ቢሆን እኮ መደበቁ ቀላል ነበር።»

የማን የማን ሊላት ሲል ቀደመችው። «መድኃኒቱን ሄደው ይውሰዱ። የሚታዘዝለት ብዙ ነው፤ የሚወስደው ግን የለም።»

ፋርማሲው ውስጥ የምትሠራው የእኛው ሰው ስለሆነች ሆርዶፋ እውነትም በር ላይ ተገትሮ ቀረ። ኢብሲቱ ጥላው ገባች። ለማን ነው ስትባል፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ «ለባሌ ነው፤ መቀመጫው ቆስሎበታል» ብላ ተቀብላ ወጣች። ሰማይ አልተደረመሰም። ሆርዶፋም ውኃውንና ተልባውን እየጠጣ፣ ለብ ባለው ውኃ እየተዘፈዘፈ፣ የታዘዘለትን እየቀባ ቀስ በቀስ ዳነ፤ ተመልሶም መሪው ፊት እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

የኮሚቴው ሪፖርት ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበው በዚህ ጊዜ ነው። አዳራሽ ተከራይተናል፣ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። አቶ እንግዳ፣ ቅባቱ በሚመለከተው አካል ላይ አመርቂ ውጤት ማስመዝገቡን አንብበው፣ አባላት ለጓደኞቻቸው ያለ ስጋት እንዲገዙ የሚመክር የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። አስተያየት ያለው ሲባል ሆርዶፋ ተነሣ።

«እኔ ታምሜ ነበር» አለ። «ጓደኛዬ አይደለም፣ እኔ ራሴ። ይህን ቅባት ብልቃጡ እስኪያልቅ ቀባሁት፤ አቃጠለኝ እንጂ አላዳነኝም። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ ያለኝን አደረግሁ፣ ዳንኩ። በቃ፣ ይኸው ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ፣ «ሐኪሙ ያዘዘው ቅባት ማን ይባላል?» አለ። ሁሉም ዞረው ቢያዩት ደነገጠና፣ «ለጓደኛዬ ነው» ሲል አከለበት።

አቶ እንግዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የአቶ ሆርዶፋ ግለ ሂስ በአድናቆት ተወስዷል። ይሁን እንጂ ከአሠራር አንጻር ስናየው፣ ምስክሩ ራሱ ሕመምተኛ ነበር። ሕመምተኛ በሕመሙ ጉዳይ ገለልተኛ ሊሆን አይችልም። የእኛ ጥናት የቆመው በጤነኞች ላይ ነው።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ውሳኔው ታሪካዊ ስለሆነ እጅ ማውጣት እንደማይመጥነው፣ የሚደግፍ ሁሉ ድጋፉን ከመቀመጫው ተነሥቶ እንዲገልጽ ተጠየቀ። የሰው ልጅ በዚያ ፍጥነት ሲነሣ አይቼ አላውቅም። አንዳንዱ ሲነሣ «እፎይ» አለ፤ ለውሳኔው ካለው ፍቅር ነው። ሆርዶፋ ብቻውን ተቀምጦ ቀረ፤ በቃለ ጉባኤው ላይም አንድ ተቃውሞ ተብሎ ተያዘ።

«እናመሰግናለን፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ እንግዳ።

ማንም አልተቀመጠም። የፊቱ ረድፍ የኋላውን አየ፤ የኋላው ጣራውን አየ። ያደታ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

«ኧረ ተቀመጡ እንጂ» አሉ ደግመው። የራሳቸውን ወንበር ዘወር ብለው አዩት፣ በዓይናቸው ለኩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጉባኤው መለሱ። «ወይም ለውሳኔው ክብር ሲባል፣ የቀሩትን አጀንዳዎች በቁም እንያቸው።»

ይህም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ተቃዋሚው እግሩን አነባብሮ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ስብሰባውን እስከ መጨረሻው አዳመጠ።