የተካቡና የተናቁ የቆዩ የአሜሪካ ፊልሞችን ለመለየት የተሰየመው ኮሚቴ የመጨረሻ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ አዳራሹን የቤት ዕቃ ነጋዴው ከሚረከብበት ሰኞ በፊት ያለው ቅዳሜ
ሰዓት፦ ለስምንት ተጠርቶ ስምንት ከአርባ ላይ ተጀመረ
ቦታ፦ የሲኒማ አዳራሹ የፊት ረድፍ (የኋላዎቹ ወንበሮች ተፈትተው ስለተከመሩ)

የተገኙ፦
1. ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ
2. ኦፕሬተሩ፣ የፊልም ማሽኑ ባለሙያ፣ አባል
3. ትኬት ሻጯ፣ አባል
4. ትኬት ቆራጩ፣ በሩንም የሚጠብቁት፣ አባል
5. የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የትኬት ቆራጩ ባለቤት፣ አባል
6. የማስታወቂያ ሰዓሊው፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የማይሰጥ

ለምልዓተ ጉባኤ አራት ሰው ይበቃ ነበር፤ አምስት በመገኘቱ ሰብሳቢው ምስጋና አቅርበዋል። ትኬት ሻጯ፣ ሰው የተገኘው ከሰኞ በኋላ የሚሄድበት ስለሌለው ነው ብለዋል። ይህ እንዳይመዘገብ ታዟል።

ሰብሳቢው የስብሰባውን ዓላማ ሲያስረዱ፣ ለማሽኑ የቀረችው አንዲት አምፑል እንደሆነች፣ እሷም ብትበቃ ለአንድ ፊልም እንደምትበቃ ገልጸዋል። ስለዚህ ያለ ልኩ የተናቀ አንድ ፊልም ተመርጦ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለስንብት ይታያል፤ ያለ ልኩ የተካበ ከተገኘ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ለሚመጣው የቆርቆሮ ሰብሳቢ ይሰጣል። በቆርቆሮ ሣጥኖቹ ላይ የተጻፈው ስም በእርጥበት ተልጦ ቁጥር ብቻ ስለቀረ፣ አባላት ፊልሞቹን በሚያውቋቸው ስም እንዲጠሩ ተፈቅዷል።

1ኛ አጀንዳ፦ ያለ ልኩ የተካበውን መለየት

ሰብሳቢው፣ ኮሚቴው ሠላሳ ዓመት ከፊልም ጋር እንደኖረ ባለሙያ እንዲፈርድ አሳስበዋል። ትኬት ሻጯ፣ ሠላሳውንም ዓመት የኖሩት ፊታቸውን ወደ መንገድ፣ ጀርባቸውን ወደ ፊልሙ ሰጥተው መሆኑን አስታውሰው፣ ሆኖም ግድግዳውን አልፎ የሚመጣውን ለቅሶ ከሳቅ ለይተው ስለሚያውቁ መፍረድ አያቅተኝም ብለዋል። ተቀባይነት አግኝቷል።

ትኬት ቆራጩ “የደብዳቤው ሰውዬ” የሚሉት ፊልም የተካበ ተብሎ እንዲፈረጅ ጠይቀዋል። አርፍዶ የሚመጣውን ሰው በባትሪ እየመሩ ስለሚያስቀምጡ፣ እዚህ አዳራሽ የገባውን ፊልም ሁሉ የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ አይተዋል። ከዚያ በሩን ዘግተው ውጭ ይቆማሉ፤ የቀረው እሳቸውን አይመለከትም። በዚህኛው ፊልም ሰውየው አሥሩን ደቂቃ ሙሉ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ቀድዶ ይጥላል፣ እንደገና ይጽፋል። ሰብሳቢው ደብዳቤው ምን እንደሚል ሲጠይቁ፣ የማይረባ ነገር ስለሆነ ጊዜ አናባክን የሚል መልስ ተሰጥቷል።

“ለአንድ ደብዳቤ አሥር ደቂቃ! እኔ ሚስት ሳጭ ይኼን ያህል አልፈጀብኝም።”

የጽዳት ሠራተኛዋ “ያስታውቃል” ብለዋል።

አራት ደቂቃ ከፈጀ ረጅም ውይይት በኋላ “የደብዳቤው ሰውዬ” ያለ ልኩ የተካበ ነው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። የጽዳት ሠራተኛዋም እጃቸውን ያነሱት፣ በማያውቁት ፊልም ከባላቸው ላለመጣላት እንደሆነ አስመዝግበዋል። ትኬት ቆራጩ፣ ኦፕሬተሩ በቁጥሩ ለይተው ያሳዩአቸውን የፊልሙን አምስት ሣጥን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው በር ላይ አስቀምጠዋል።

2ኛ አጀንዳ፦ ያለ ልኩ የተናቀውን መምረጥ

ሰብሳቢው ቅድሚያውን ወስደው “የመርከቡ ጦርነት” እንዲመረጥ ጠይቀዋል፤ ከክብር እንግዶች ጋር ሰገነት ላይ ሆነው በጥሞና እንዳዩትም ተናግረዋል። ኦፕሬተሩ በዚያን ዕለት ከመድፉ በላይ የሰብሳቢው ማንኮራፋት በማሽኑ ክፍል ቀዳዳ በኩል ይሰማቸው እንደነበር ገልጸዋል። ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል።

የጽዳት ሠራተኛዋ “የጣቢያዋ ሴትዮ” የሚሉትን አቅርበዋል። ፊልም ሲያልቅ መብራት የሚያበሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ መጥረጊያቸውን ይዘው ከማብሪያው ሥር ቆመው የሁሉንም የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ያያሉ። ይኼኛው የተናቀው እንዲህ ነው፤ ዋናው ነገር በሚሆንበት ሰዓት ተመልካቹ ተነስቶ ጃኬቱን ይፈልጋል። ሰብሳቢው በቃላቸው እንዲመዘገብ አዘዋል፦

“ባቡሩ ይሄዳል። ሰውየው በመስኮት ያያታል። እሷ ቆማ ታለቅሳለች፣ ግን እጇን አታነሳለትም። አንዴ እንኳን! ኩሩ ናት እንዳልል ታለቅሳለች። ጭሱ ሲገፈፍ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ወርዶ ቆሟል። ዕቃ ረስቶ ይሆናል እያልኩ ሠላሳ ዓመት ጠረግኩ። ሰኞ እዚህ አልጋና ቁም ሣጥን ይደረደራል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልየው።”

ጸሐፊው እዚህ ላይ እስክሪብቶ ቀይሯል።

ትኬት ቆራጩ በዝምድና ምክንያት ድምፅ ከመስጠት ራሳቸውን አግልለው፣ ባለቤታቸው ዞር ብለው ሲያዩአቸው ተመልሰዋል። “የጣቢያዋ ሴትዮ” በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።

3ኛ አጀንዳ፦ የተመረጠውን ፊልም ማምጣት

ኦፕሬተሩ እንዲያመጡት ታዘው ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ቁጥር አሥራ ሰባት እንደሆነ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት ደግሞ በር ላይ ለቆርቆሮ ሰብሳቢው እንደተቀመጠ አስታውቀዋል። ሰብሳቢው ያ የደብዳቤው ሰውዬ ነው ብለዋል። ኦፕሬተሩም አዎ፣ እሱው ነው ብለዋል።

ማብራሪያ ሲጠየቁ፣ ጥቅል የሚቀይር ሰው ዓይኑ የሚተከለው የፊልሙ ጥቅል ሊያልቅ ሲል ብልጭ በምትለው ነጥብ ላይ እንደሆነ፣ ነጥቧም በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ከላይ እንደምትታይ፣ በዚህ የተነሳ የሁሉንም ፊልም ቀኝ ጥግ ብቻ እንደሚያውቁ አስረድተዋል። በዚህ ፊልም መጀመሪያው ጥቅል ላይ ጥጉን መስኮት ይይዘዋል፤ አምስተኛው ላይ የጣቢያ ሰዓት። እስካሁን ለምን ዝም እንዳሉ ሲጠየቁ፦

“ማን ጠየቀኝ?”

ኮሚቴው አንድን ፊልም በአንድ ቀን፣ በሙሉ ድምፅ፣ የተካበም የተናቀም ማድረጉ ተረጋግጧል። ሰብሳቢው የትኛው ውሳኔ እንደሚቀድም ደንቡ እንዲታይ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ትኬት ሻጯ ውጭ የጋሪ ድምፅ እንደሚሰማ አስታውቀዋል። አሥር ሰዓት ከአምስት ነበር። ደንቡ ሳይታይ ትኬት ቆራጩ ሮጠዋል። እሳቸው ሲሮጡ የታዩት በአገልግሎት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጋሪውን መንገድ ማዶ ደርሰውበት፣ ቆርቆሮ ሰብሳቢውን “ወንድሜ፣ የሚስቴ ነው” ብለው አምስቱንም ሣጥን አስመልሰዋል።

4ኛ አጀንዳ፦ ፊልሙን በማስረጃነት ማየት

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለፊልሙ የአዳራሹ መብራት እንዲጠፋ ተደረገ። ትኬት ቆራጩ በልማድ ሄደው በር ላይ ቆመዋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ማብሪያው ሥር። ሰብሳቢው ሁለቱም ጎን ለጎን እንዲቀመጡ በቃል ትእዛዝ ሰጥተዋል። በሩ ላይ ማን ይቁም የሚለው ጥያቄ ምላሽ ሳያገኝ ፊልሙ ተጀምሯል።

ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፦ እንድሄድ ከፈለግሽ እጅሽን አንሺልኝ፤ እንድቀር ከፈለግሽ አታንሺ።

የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያቸውን መሬት ላይ አስቀምጠዋል። ጸሐፊው የዚህን ፊልም ማስታወቂያ የሳለው ራሱ መሆኑን፣ ከአንዲት ትንሽ ፎቶ ተነስቶ ሴትዮዋን እጇን ከፍ አድርጋ ስትስቅ መሳሉን፣ ሥዕሉም ሠላሳ ዓመት በር ላይ መሰቀሉን እያፈረ ያስመዘግባል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ባቡሩ ሲያፏጭ አምፑሏ ተቃጠለች። ኦፕሬተሩ በቀዳዳው በኩል ይቅርታ ጠይቀዋል። በጨለማ ባልና ሚስቱ የተባባሉት እንደተሰማ ተጽፏል፦

“ምን ሆነ? ቅድም ያልሽውን ድገሚልኝ። ሄደ?”

“ቆይ። ባቡሩ ይንቀሳቀሳል። በመስኮት ያያታል። አታነሳም።”

“አታነሳም?”

“አታነሳም አልኩህ። ጭሱ ይሸፍነዋል። ከዚያ ቀስ እያለ ይገፈፋል... ወርዷል። ሻንጣውን ይዞ ቆሟል።”

“ወረደ?”

“ወረደ። ዕቃ ረስቶ እኮ ነበር የሚመስለኝ! አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ደብዳቤውን ታውቅ ነበር?”

“አንቺስ መውረዱን ታውቂ ነበር? እኔ እስከ ዛሬ ሄዶ የቀረ ነበር የሚመስለኝ። ማታ ማታ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ ምን ነበር የምናወራው?”

“ስለ እግርህ። እግሬን አመመኝ ትላለህ።”

መብራቱን የጽዳት ሠራተኛዋ አበሩ። ትኬት ሻጯ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተገኝተዋል።

5ኛ አጀንዳ፦ ልዩ ልዩ

ኮሚቴው አንድም ፊልም ሙሉውን አይቶ እንደማያውቅ፣ ዛሬ ያየውም ቢሆን አምስት ደቂቃ እንደሚጎድለው በመረዳት፣ በ1ኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ አጀንዳዎች የወሰነውን ሁሉ ሽሯል። ኮሚቴው የተሰየመበት ውሳኔም አብሮ ተሽሯል። ኦፕሬተሩ፣ ከተሻረ አሁን የተሻረው በማን ሥልጣን ነው ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸውም ተሽሯል። ቁጥር አሥራ ሰባት ማሽን ባይኖራቸውም ለባልና ሚስቱ እንዲሰጥ ትኬት ሻጯ ያቀረቡት ሐሳብ ብቻ ጸንቷል።

የተዘጋበት ሰዓት፦ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሰብሳቢው፣ ስብሰባው ተዘግቶ ወደየቤታችን እንሂድ የምትሉ እጃችሁን አንሱ ብለዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባላቸውን አዩ። ባላቸውም አላነሱም። ሰብሳቢው ጠብቀው ቆጥረዋል፤ እጅ ያነሳ ሰው የለም።