የሆዴን ቆዳ ላስቆርጥ ዋስ ስጠራ

ሰው ስለ ሰው ሆድ ይህን ያህል ለምን ይጨነቃል? ስለ ራሱ ሆድ ቢጨነቅ ይገባኛል፤ ረኃብ አለ፣ ጾም አለ፣ ኮሶ አለ። በእኛ አገር ግን ሰው ከደጁ ወጥቶ መጀመሪያ የሚመለከተው የጎረቤቱን ሆድ ነው። ሆድህ ገፋ ካለ ጌታህ ይወድሃል ማለት ነው። ሟሽሾ ከታየ ደግሞ ወይ ተሽረሃል፣ ወይ ሚስትህ ጠልታሃለች፣ ወይ ቡዳ በልቶሃል። ሌላ ምክንያት እንዲኖርህ አይፈቀድልህም። እኔ ሌላ ምክንያት ነበረኝ፤ ላስረዳ ብዬ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ ያልፈኛል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል።

እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ትልቅ መኮንን ቤት የግብር አሳላፊ ነኝ። አሳላፊ ማለት ወጡ እንግዳ ፊት ከመቅረቡ በፊት ጨው እንዳልበዛበት፣ ጠጁም እንዳልኮመጠጠ የሚያረጋግጥ ሰው ነው። ይህ ደግሞ በዓይን አይረጋገጥም። ለጌታዬ ታማኝ ነበርኩና አንዱንም ምንቸት ሳልቀምስ አላሳለፍኩም። እንዲህ በትጋት ያገለገለ ሰው ወገቡ ቢሰፋ ይደንቃል? እንዲያውም ያስከብራል። ወገቤን ደጋግሞ ይዞረኝ የነበረው ድግ አንዴ ዞሮ ማለቅ ሲጀምር፣ ሰው በመንገድ ላይ ቆሞ ያሳልፈኝ ጀመር።

ከዚያ የበቅሎዋ ነገር መጣ። ወደ አንኮበር ስንሄድ መግቢያው ዳገት ላይ በቅሎዬ ቆመች፤ ቀጥላ ተንበረከከች፤ ቀጥላ ሞተች። ጌታዬ ሲስቅ ከርሞ ሌላ በቅሎ ሰጠኝ። የንስሐ አባቴ ግን አልሳቁም። እንስሳይቱን የገደላት ሆዳምነትህ ነው፣ ሆዳምነት ኃጢአት ነው አሉና ቀኖና ሰጡኝ፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ጀንበር ከጠለቀች በኋላ፣ ቆሎና ውሃ። እስከ መቼ ነው አባቴ ብላቸው፣ አህያ እንኳ ሳታማርር እስክትሸከምህ አሉኝ። እኚህ አባት የሚያዝኑት ለኔ ነፍስ ነው ወይስ ለበቅሎዋ? ይህን ደፍሬ አልጠየቅሁም። ቀኖና ነውና ፈጸምኩት።

ስቡ ሄደ። ቆዳው ግን ቀረ። እንግዳው ተሸኝቶ ድንኳኑ የሚነቅለው ያጣ መሰለ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ማን ነው? ጾሙን ያዘዙኝ አባት ስለ ነፍሴ ብዙ ነግረውኛል፤ ስለ ቆዳዬ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያ ባዶ ቆዳ ከእምብርቴ በታች ታጥፎ ጭኔ ላይ ተንጠለጠለ። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ከግንባሬ ቀድሞ መሬት ይነካል። ኮርቻ ላይ ስወጣ በሥሬ ገብቶ ይቆነጥጠኛል። ብርድ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ወደ ዓልዩ አምባ ቆላ ስወርድ ደግሞ እጥፋቱ ውስጥ ላብ ይጠራቀምና ይቆስላል። ቅቤ ቀባሁት፣ ጭቃ ለበጥኩት፣ ጠበል አስመታሁት። ቁስሉ ባሰበት። ሕመሙ ሳያንሰኝ ሰው ሁሉ ስለ መሻሬ ያጽናናኝ ነበር። አልተሻርኩም ስል፣ አዎ እንደዚያ ነው የሚባለው ይሉኛል።

መቼም ሰው ሲጨንቀው ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ዓልዩ አምባ ውስጥ ዑመር የሚባሉ ሽማግሌ ወጌሻ አሉ፤ ከጭን ውስጥ ጥይት ያወጣሉ፣ ከአንገት ላይ እባጭ ይቆርጣሉ። ቆዳዬን በመዳፋቸው አንስተው እንደ ገበያ ሥጋ መዘኑት፣ ቆነጠጡት፣ ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩት። ይህ ሥር የለውም፣ ላይ ላዩን ነው አሉኝ። ጎረምሶች ይይዙዎታል፣ እኔ ቆርጬ በጅማት እሰፋዋለሁ፣ ከዳኑ ኢንሻ አላህ ድግዎን እንደ ሙሽራ ይታጠቃሉ አሉ። ከዳኑ የምትለዋ ቃል አልጣመችኝም፤ ግን ሙሽራ የምትለዋ ስለ ጣመችኝ አለፍኳት።

ታዲያ ወጌሻ ዑመር ካራቸውን ከመሳላቸው በፊት ዋስ ጠየቁ። ልማዱ የታወቀ ነው። በሽተኛ በወጌሻ እጅ ከሞተ ዘመድ ተነስቶ ደም ይፈልጋል፤ ወይ ወጌሻውን ይገድላል፣ ወይ የደም ካሳውን፣ ጉማውን፣ ያስከፍለዋል። ስለዚህ ብልህ ወጌሻ የበሽተኛውን ዘመድ ሁሉ በሽማግሌ ፊት ያስምላል። ይህ ሰው በእጄ ቢሞት ደሙ ደመ ከልብ ይሁን፣ አንጠይቅህም፣ ብላችሁ ማሉልኝ ይላል። አንድ ዘመድ እንኳ ሳይምል ከቀረ ወጌሻው ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። እኔም ወጌሻውን ይዤ ደብረ ብርሃን ተመለስኩና ዘመዶቼን ግቢዬ ውስጥ በአገር ሽማግሌዎች ፊት ሰበሰብኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ልቅሶ ጠብቄ ነበር። ተው አንተ ሰው፣ ከነቆዳህም ቢሆን ኑርልን የሚል ቢያንስ አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ሚስቴ የሺመቤት ተነሳች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ልቤ ራራ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ የሚቆረጠው ከዐቢይ ጾም በፊት ነው ወይስ በጾሙ ውስጥ ብላ ወጌሻውን ጠየቀች። ምን ልዩነት አለው ብላት፣ በጾም ውስጥ ከሆነ ተዝካሩ ሥጋ አይኖረውም፣ ሰው ያማናል አለችኝ። ከጾሙ በፊት መሆኑ ሲነገራት ደስ ብሏት ንጉሥ ይሙት ብላ ማለች። ቀጥሎ ታናሽ ወንድሜ ደስታ የሚያስምሉት ሽማግሌ የመሐላውን ቃል ሳይጨርሱ ከአፋቸው ነጥቆ ማለና፣ አዲሲቱ በቅሎ የምታነክሰው በየትኛው እግሯ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ድምጿ ስላልተሰማ ድገሚ ተባለች፤ ደገመች፣ ያውም ጮክ ብላ።

እነዚህ ሰዎች እኮ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ለአንድ የታመመ በሬ ዋስ ሁኑኝ ብዬ ስለምናቸው ሳምንት ሙሉ ያመላለሱኝ። በሬው ቢሞትስ፣ ማን ያውቃል፣ እስቲ እናስብበት እያሉ። ለኔ ነፍስ ያሰበ የለም። ጥላው ሳይዞር ማለው ጨረሱ። እንደ በሬ እንኳ አለመቆጠር ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

የቀረው አያ ሽብሩ ብቻ ነበር። አያ ሽብሩ የአባቴ አጎት የልጅ ልጅ ነው፤ ባለጋራዬም ነው። ጫጫ ላይ ባለች አንዲት መሬት አያቶቻችን ክርክር ጀመሩ፣ አባቶቻችን ተቀበሏቸው፣ እኛ ከአባቶቻችን ተረከብን። በርስት የሚሟገትህ መቼም ዘመድህ ነው፤ ባዳ ምን አገባው? ስለዚህ እሱም መማል ነበረበት። ለሱ ግን አልተጨነቅሁም። ሚስቴ እንዲያ ከማለች፣ ጠላቴማ እየዘፈነ ይምላል ብዬ ደመደምኩ።

አያ ሽብሩ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ በትሩን መሬት ላይ ተከለና አልምልም አለ። ሽማግሌዎቹ ያልሰማ መስሏቸው ደገሙለት። ሰምቻለሁ አለ። ይህ ሰው የሞተ እንደሆነ ቆላ ድረስ ወርጄ ከወጌሻው ደሙን እፈልጋለሁ አለ። ወጌሻ ዑመር ይህን ሲሰሙ ካራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ወላሂ እንዲህ የሚወደድ ሰው አልነካም ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ።

ይህ ምን ዓይነት ፍቅር ነው ብዬ ጮህኩበት። ፍቅር አይደለም አለኝ። አንተ ብትሞት ያ ለመሐላ እንኳ ያልደረሰ ልጅህ ይተካል፤ እሱ ደግሞ ነገር አያውቅም። እሱን ባሸንፍ ሰው ማንን አሸነፈ ይለኛል? እኔ የምለውን ገና ሳልለው የምታውቅ፣ አንተም የምትለውን እኔ የማውቅልህ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ካንተ ጋር አይደለም እንዴ አለኝ። ሚስቴ ሽብሩን በክፉ ዓይን አየችው።

በዚህ ዝም ይባላል? ከሰስኩት። ወደ አንኮበር ችሎት በኩታ ጫፍ ተቆራኝተን ሄድን፤ መንገዱን ሁሉ ቁስሌ ሲቆጠቁጠኝና ስቆም አብሮኝ ይቆማል፣ ስሄድ ይሄዳል፤ ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቅም። ከዳኛው ፊት ስቀርብ ኩታዬን አሸርጬ፣ ጌታዬ ይህ ሰው ነፃ ሰው ሆኜ ሳለ ደሜን ደመ ከልብ እንዳላደርግ ከለከለኝ ብዬ አሰማሁ። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው በደልህ ምንድን ነው አሉኝ። እጀ ጠባቤን ገልጬ ቆዳውንና ቁስሉን አሳየኋቸው። ያኔ የሳቁት ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ።

ዳኛው የማሉት እነማን ናቸው ብለው ጠየቁኝ። ሚስቴ፣ ወንድሜ፣ አክስቴ አልኩ። አልምልም ያለውስ አሉኝ። ባለጋራዬ አልኩ። ዳኛው ፈረዱ። እንድትኖር የሚሟገትልህ እሱ ብቻ ከሆነ፣ የርስቱ ነገር እስኪያልቅ ድረስ ያለ እሱ ፈቃድ ካራ እንዳይነካህ አሉ። ከዚያ ወደ ርስቱ ዞረው ለመጪው ዓመት ቀጠሩት።

ስንወጣ አያ ሽብሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ መሬቷን ከለቀቅህልኝ ክርክሩ ዛሬ ያልቃል፣ እኔም ዛሬውኑ እምልልሃለሁ አለኝ። እውነት ለመናገር ቁስሉ እንዲያ እያቃጠለኝ ልለቅለት ከጅዬ ነበር። ከዚያ አሰብኩ። መሬቷን ብለቅለት ይምላል። ተሟግቼ ብረታውም ተናዶ ይምላል። እንግዲህ ቆዳዬን በድጌ ጠቅልዬ፣ ሳላሸንፍም ሳልሸነፍም በየቀጠሮው አንኮበር እመላለሳለሁ፤ በሸዋ ምድር ሞቴን የማይፈልግ ዘመድ የሚኖረኝ ክርክሩ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።