የጋሽ ሰይድ ሳንባና የእኔ ኤክስ

ሰው ትልቅ ማዕረግ ሲሰጡት እሱም አብሮ ያደገ ይመስለዋል። የዕድር ጸሐፊ የነበረ ጎረቤቴ «ዋና ጸሐፊ» የተባለ ዕለት ሰላምታው ቀነሰ። እኔማ ከእሱ በምን እሻላለሁ? በዩኒቨርሲቲያችን የነርሲንግ ክፍል ስለ እጅ መታጠብና ስለ መጸዳጃ ቤት ሳስተምር ኖሬ፣ አንድ ቀን በደብዳቤ «የፕላኔት ጤና» የሚል አዲስ ኮርስ ተሰጠኝ። ልብ በሉ፣ የፕላኔት! ከመጸዳጃ ቤት ተነስቶ በአንድ ደብዳቤ ፕላኔት የገባ ሰው ትንሽ ቢንጠራራ ይፈረድበታል?

ኮርሱ ራሱ ቁም ነገር ነው። አየሩ፣ ውኃውና አፈሩ ሲታመም ሰውም እንደሚታመም ነርሶችና ሐኪሞች ገና ተማሪ ሳሉ ይወቁት ነው ነገሩ። ችግሩ አስተማሪው ላይ ነበር። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ፣ በፍላሽ የሰጡኝን ስላይድ ይዤ ክፍል ገባሁ። የሚቀልጥ በረዶ፣ የከሳ ነጭ ድብ፣ ከፍ እያለ የሚመጣ ባሕር። በመስኮቱ በኩል ደግሞ የቃሊቲ ከባድ መኪኖች ጥቁር ጭሳቸውን እየለቀቁ ያልፋሉ። ድምፃቸው ስለሚረብሸኝ ተማሪዎቹን መስኮቱን ዝጉልኝ እል ነበር። አዎ፣ ስለ ጭስ እያስተማርኩ!

ፈተና ደረሰ። ከናፍጣ መኪና የሚወጣ ጭስ በመጀመሪያ የሚጎዳው ማንን ወይም ምንን ነው ብዬ ጠየቅሁ። የምፈልገው «የምድርን ከባቢ አየር» የሚለውን ነው፤ ስላይዱ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ዘይነባ የምትባል ተማሪዬ ግን «ሹፌሩን» ብላ ጻፈች። አንዲት ቃል ብቻ። እኔም ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ ኤክስ ሳብኩባት፤ ከጎኑም «ትክክል አይደለም!» ብዬ ፈረምኩበት። ያቺን ቃለ አጋኖ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ወረቀቱን በመለስኩ በሁለተኛው ቀን ዘይነባ ቢሮዬ መጣች። ለማርክ የሚመጣ ተማሪ በር ሲያንኳኳ ያስታውቃል። በእኛ አገር ለማርክ ሽማግሌ ይላካል፤ ባለፈው ሴሚስተር አንዱ የንስሐ አባቱን ልኮብኛል። ስለዚህ ልጅቷ ገና «መምህር፣ ስለዚያ ጥያቄ…» ከማለቷ ስለ ሐቀኝነት፣ ስለ ትውልድና ስለ አገር ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁላት። አንገቷን ደፍታ አስጨረሰችኝ። ከዚያ ማርኩን እንደማትፈልገው፣ ከፈለግሁም ከሌላው ጥያቄ ላይ ልቀንስባት እንደምችል፣ ብቻ ኤክሱን እንዳነሳላት ለመነችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቷ ጋሽ ሰይድ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከቃሊቲ ጅቡቲ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳል ይዟቸው ከርሟል። ዘይነባ ለወራት ለምና፣ አልቅሳ፣ አኩርፋ በመጨረሻ ለሳንባ ራጅ ቀጠሮ አስያዘቻቸው። ጋሽ ሰይድ ደግሞ የልጃቸውን የፈተና ወረቀት ማየት ይወዳሉ። ኤክሱን አዩ። እንድታነብላቸው ጠየቋትና አነበበችላቸው። «አየሽ፣ ጭሱ ሹፌሩን አይጎዳም ብለው ዶክተሩ ፈርመውበታል፤ አንቺ ከሳቸው ልትበልጪ ነው?» አሏት። ቀጠሮውን ሰርዘው ጭነት ተቀበሉ። ዶክተር የተባልኩት በመጸዳጃ ቤት አቆፋፈር ላይ ባደረግሁት ጥናት መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ዘይነባ ይህን ስትነግረኝ አፈርኩ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን በራሴ ኮርስ መሠረት እሷም ታማለች። ጋሽ ሰይድ የሚነሱት በዚያው ዕለት ከሰዓት ነበርና ኮቴን አንጠልጥዬ ከልጅቷ ጋር ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

መኪና ማቆሚያው ስንደርስ ጋሽ ሰይድ የተሳቢውን ጎማ በብረት እየመቱ ይፈትሹ ነበር። ሲያዩኝ ብረቱን ጥለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «ዶክተሬ! እኔ ድረስ መጡ?» ብለው ሳይጨርሱ ሳል ያዛቸው፤ ጎማውን ተደግፈው እስኪያልፍ ጠበቁ። አቧራ ነው አሉኝ። ሌሎች ሹፌሮችም ተሰበሰቡ። መንገዱን ሙሉ «ተሳስቻለሁ፤ ልጅዎ ትክክል ናት» የሚለውን ስለማመድ ነበር የመጣሁት። ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? ሳይንስ በየጊዜው ይሻሻላል አልኩ። አዲስ መረጃ ስለመጣ መልሱ እንደገና ታይቶ ተስተካክሏል አልኩ። ሳይንሱ የተሻሻለው በሁለት ቀን ውስጥ መሆኑ ነው! ዘይነባ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ጎማው መለሰች። ለአራት ቃል የሚሆን ድፍረት አጥቼ የሌለ መረጃ እንደፈጠርኩ እሷ ብቻ ታውቃለች።

ወረቀቱን የመኪናው መከላከያ ላይ ዘርግቼ ኤክሱን ሰርዤ ራይት አደረግሁና ፈረምኩ። ጋሽ ሰይድ ፊርማዬን ካለፈው ጋር አስተያዩት። «እርስዎ ካሉማ» አሉና ቁልፉን ለሌላ ሹፌር ሰጡ።

ራጁ ሳንባቸው ክፉኛ መጎዳቱን አሳየ። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ብሎ ቀሪውን ሳይናገር እንደተወው ሰማሁ። አሁን መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ከጋቢና ወርደው ሳሪስ አቦ በወንድማቸው የመለዋወጫ ሱቅ ተቀምጠው ይሠራሉ። እኔም ሹፌሩን ከስላይዴ አስቀድሜ ማስተማር ጀምሬያለሁ፤ መስኮቱንም ከፍቼ። ማን እንዳስተማረኝ ግን ለክፍሉ ነግሬ አላውቅም።

በሱቁ ባለፍኩ ቁጥር ጋሽ ሰይድ ደንበኞቻቸውን ትተው ይወጣሉ። «ወላሂ እኚህ ዶክተር ባይደርሱልኝ ዛሬ አፈር ነበርኩ!» ብለው ለአላፊ አግዳሚው ያስተዋውቁኛል። ዘይነባም አንዳንዴ እዚያው ትገኛለች። በአክብሮት ሰላም ትለኛለች፣ ስለ ኤክሱ ግን አንድም ቃል አትተነፍስም። ማፈር ያለብኝ እኔ ሆኜ ሳለ የምታቀረቅረው እሷ ናት።

እኔ «ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ ምንም አላደረግሁም» እላለሁ። በዚህ ጉዳይ ከአፌ የወጣ እውነት ይኸው ብቻ ነው። እሳቸው ግን ወደ ሰዎቹ ዞረው «ትሕትናቸውን አያችሁልኝ!» ይላሉ።