ከእኔ የሚሻል አይጠፋም

ጥሩ መሪ ጠፋ የማይል ሰው ካገኛችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? እኔ ቆይቶብኛል። ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወደ ሰፈሬ በባጃጅ ስሄድ ሦስት ተሳፋሪና አንድ ሹፌር ሆነን፣ ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ አገሪቱን ከላይ እስከ ታች ገምግመን መሪ እንደሌላት ወሰንን። የባሰው ሹፌሩ ነው። ሕግ የሚያከብር መሪ ቢኖረን የት በደረስን ነበር እያለ፣ መግባት በተከለከለበት መንገድ ሰተት ብሎ ገባ። ማንም አልተናገረውም። እኔም ዝም አልኩ። በዚያ በኩል ለቤቴ ይቀርበኝ ነበራ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ አገር መሪ ማውራት አያምርብኝም፤ ዘመኑም እንደምታውቁት ነው፣ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ የሆነበት፣ ሰው አፉን ቆጥቦ የሚያድርበት። ስለ አንድ ትንሽ መሪ ግን ላውጋችሁ። ዐሥራ ሁለት ሰው ስለሚመራ መሪ።

ወር በገባ በዐሥራ ሁለት የሚካኤልን ዝክር የምንዘክር ማኅበርተኞች ነን። ተራው የደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። የማኅበር መሪ በእኛ አገር ሙሴ ነው የሚባለው። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ማኅበርተኛ የነበረ መሆን አለበት። የሚያጉረመርም ሕዝብ ይዞ መጓዝ ምን እንደሆነ ያየ ሰው ነው። ዳቦው ጠቆረ፣ ጠላው ቀጠነ፣ የባለፈው ወር ተረኛ ይሻል ነበር። መና ከሰማይ ቢወርድልን እንኳ ጨው አነሰው የምንል ሰዎች ነን።

የእኛ ሙሴ ጋሽ አንተነህ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። ወፍጮ ቤት ነበራቸው። በበዓል ሰሞን ወፍጮ ቤት ያለው ሰው በሰፈሩ ንጉሥ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁሉም ጆንያውን ተሸክሞ ይመጣና እኔን ያስቀድሙኝ ይላል፤ አንዱ በዘመድ፣ አንዱ በሹመት፣ አንዱ በቁጣ። እሳቸው ዘንድ ተራ ማለት ተራ ነበር። የባለሥልጣንም ሆነ የደሃ እህል በመጣበት ሰዓት ይፈጫል። ለራሳቸው ቤት ብቻ ሌላ ሕግ አውጥተው ነበር፤ የባለቤት እህል መጨረሻ ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ደግሞ መጨረሻ የሚባል ነገር የለም፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጨመራል። ባለቤታቸው እትዬ ስመኝ ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው፣ ጆንያቸውን በአህያ ጭነው ከከተማው ማዶ ሌላ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ጀመሩ። የባለወፍጮ ሚስት ሆኜ በሰው ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ኖርኩ ይሉ ነበር። አሁንም ይላሉ። ዛሬ ዛሬ ግን ሲናገሩት ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

በማኅበሩም እንደዚያው ነበሩ። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ብድግ ይሉና፣ «የተቀያየመ አለ?» ይላሉ። እኛ ጣራ ጣራውን እናያለን። እሳቸው አይቀመጡም። ዳቦው ፊታችን ተቀምጧል፣ የጠላው አረፋ ይወርዳል፣ ሆዳችን ይጮኻል። ይጠብቃሉ። በመጨረሻ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ እንዲያው ቅያሜ እንኳ አይባልም ብሎ ይጀምራል። ቅያሜ ሆኖ ይገኛል። ይሰማሉ፣ ያከራክራሉ፣ ጥፋተኛውን ጥፋተኛ ይላሉ፣ ያስታርቃሉ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን እርቅ ያወረደው ረሃብ ነው። ቢሆንም በዚያ ቤት ቂም ይዞ ጠላ የጠጣ ሰው አልነበረም።

ያኔ ምን እንል እንደነበር ልንገራችሁ? እኚህ ሰውዬ በረሃብ ሊጨርሱን ነው እንል ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። አሁን በየወሩ በዐሥራ ሁለት ቀን ዳቦው ገና ሳይቆረስ፣ ያ ረጅም ዝምታቸው ይናፍቀኛል። ሰው ዝምታ ይናፍቀዋል ብትሉኝ ቀድሞ አላምንም ነበር።

ካቻምና በጥቅምት አረፉ። ለኅዳር ሚካኤል ስንሰበሰብ ሙሴ መምረጥ ግድ ሆነ። ማኅበሩ መጀመሪያ እኔን ጠራ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ደንብ ላስታውሳችሁ። ሹመት እንደ ምግብ ነው። ሰው ቤት ሄዳችሁ ብሉ ስትባሉ በልቻለሁ ትላላችሁ። ሆዳችሁ ባዶ ነው፣ ወጡ ይሸታችኋል፣ ግን በልቻለሁ። ሁለተኛ ስትለመኑ ኧረ ጠግቤያለሁ ትላላችሁ። በሦስተኛው እጃችሁን ትታጠባላችሁ። ሹመትም በመጀመሪያው አይገባኝም፣ በሁለተኛው ከእኔ የሚሻል አይጠፋም፣ በሦስተኛው እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ ይባላል። እኔ ደግሞ ይህን ከመጽሐፍ ጋር አስማምቼው ነበር። ሙሴ ራሱ አንደበቴ ኮልታፋ ነው፣ ሌላ ሰው ላክ ብሎ ከፈጣሪው ጋር ተከራክሯል። ሳኦልን ሊያነግሡት ሲፈልጉት ዕቃ መሀል ተደብቆ ነው የተገኘው። በዘመናችን ሹመት ሽሽት ዕቃ መሀል የተደበቀ ሰው ሰምታችኋል? ስለዚህ እምቢ ማለት የደህና መሪ ምልክት ነው ብዬ አምኛለሁ።

ደግሞ አልደብቃችሁም፣ ሙሴ መሆን ፈልጌ ነበር። ጋሽ አንተነህ በቆሙበት መቆም፣ «የተቀያየመ አለ?» ማለት ልቤ ፈልጎ ነበር። ቢሆንም አይገባኝም አልኩ። ለመኑኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ ከእኔ የሚሻል አይጠፋም አልኩ። ሦስተኛው ልመና ይመጣል ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ «እኔ አለሁ» አለ።

ግርማው ነው። ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ የቢሮ ሰው፣ ማኅበሩ ከገባ ዓመት ያልሞላው። ምን ይባላል? እኛ እምቢ የሚልን መለመን እንጂ እሺ የሚልን መመለስ አልተማርንም። ደስ ይበልህ ማለት ብቻ ቀረን። እኔ ከሁሉ ጮክ ብዬ ደስ ይበልህ አልኩ።

ግርማው ክፉ ሰው አልነበረም። መምራት ይወድ ነበር፣ በቃ። በመጀመሪያው ወር ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። ዐሥራ ሦስት ሆነን ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን በተቀመጥንበት ክፍል በድምፅ ማጉያ «እንዴት ዋላችሁ» አለን። በሁለተኛው ወር ማኅተም አስቀረጸ። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፍ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አብሮት ይሄድ ጀመር። በሦስተኛው ወር ደግሞ ቅያሜ መጠየቁ ጊዜ ይፈጃል፣ የግል ጉዳይ በማኅበር አይነሣም ብሎ አስቀረው። ዳቦው ወዲያው ይቆረስ ጀመር። ደስ አለን። አፌን ሞልቼ ደስ አለን የምለው እኔም ስለበላሁ ነው።

ደስ ያላላቸው እትዬ ስመኝ ብቻ ናቸው። በባላቸው ቦታ ገብተው ነበርና፣ «ልጄ፣ እንዲያው አንድ ጊዜ ብቻ ቆመህ ጠይቃቸው» አሉት። እሱም በድምፅ ማጉያው «እናቴ፣ አሠራሩ ተቀይሯል» አላቸው። እኔ የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ትዝ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ለሕዝቡ አገልጋይ ብትሆንለት ዕድሜ ልኩን ያገለግልሃል ብለው መክረውት ነበር። እሱ የአብሮ አደጎቹን ምክር ሰምቶ ቀንበሩን አከብዳለሁ አለ፣ ዐሥሩ ነገድም ጥሎት ሄደ። ከእኛ ማኅበር የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለእኔ ግን ዐሥር ነገድ ነው።

ውበቱ ይባላል፤ አናጢ ነው። ከይጁቤ ለትምህርት አብረን ነው ወደ ማርቆስ የመጣነው። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን ነው ያደግነው። ቤት ስንሠራም አጥር ለአጥር ሠራን። ጠዋት ጠዋት ጣውላ መላግ ሲጀምር በአጥሩ ላይ አሻግሮ «መምህር፣ ዓለም እንዴት አደረች?» ይለኛል። እኔም ከተኛሁበት ሆኜ የዓለምን ነገር እነግረዋለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ኖርን።

ዓምና ክረምት ሲገባ ግቢዬን በሲሚንቶ አስነጠፍኩ። የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ውሃው የሚሰርግበት መሬት ቢያጣ ሰብሰብ ብሎ በአጥሩ ሥር ወደ ውበቱ ግቢ ወረደ፣ ለበር ያደረቀውን ጣውላ ሁሉ አበሰበሰው። መጣና ነገረኝ፤ ድምፁን እንኳ አላነሣም። ይቅርታ ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ምን አባቴ ቢነካኝ ነው፣ ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ፣ ይህም የተፈጥሮ ሕግ እንደሆነ አስረዳሁት። የማርቆስን ተዳፋትም ጨመርኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «እኔ ተማሪህ አይደለሁም» ብሎ ሄደ።

በቀጣዩ ወር ማኅበር ላይ ትይዩ ተቀመጥን። ጋሽ አንተነህ ቢኖሩ ኖሮ ዳቦው ሳይቆረስ ታርቀን ነበር። ማንም አልጠየቀንም። በላን፣ ጠጣን፣ ተበተንን። ውበቱ ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን ተወ። አሁንም ጠዋት ጠዋት መላጊያው ይሰማኛል። ሲጀምር ነቅቼ እጠብቃለሁ። ስለ ዓለም የሚጠይቀኝ ግን የለም። ዓለም እንዴት እንዳደረች ማወቁም ለእኔ ከንቱ ሆነብኝ።

ይህን ሁሉ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ አንጀቴ እስኪርስ በግርማው አሳበብኩ። ዛፎች ንጉሥ ፍለጋ የወጡበትን ታሪክ ያውቁት የለም ወይ አባ፣ ያ እሾህ ማለት የእኛ ሙሴ ነው አልኳቸው። እኛ የቆምነው ደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ወይራ ሥር ነበር። ዛፎቹ መጀመሪያ ማንን ንገሥልን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ወይራን አልኩ። ምን አለ? ዘይቴን ትቼ አልሄድም አለ። በለስስ? ጣፋጭነቴን አልተውም አለች። ወይንስ? እሱም እምቢ አለ። እሾህስ? እሺ አለ፤ ካልታዘዛችሁኝ ግን እሳት ከእኔ ወጥቶ ይብላችሁ አለ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሾሁማ እሾህ መሆኑን መቼ ደበቀ?» አሉኝ። «ጫካው ሲነድ ያ ወይራ ዘይቱን የት ሊያደርሰው ነበር?»

ሙሴም እኮ እምቢ ብሎ ነበር አልኩ፣ እንደ መሟገት ብዬ።

«ብሎ ነበር» አሉ። «ኋላ ግን ሄደ።»

ዘንድሮ በጥር ግርማው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ድምፅ ማጉያውንም ማኅተሙንም ይዞ ሄደ። ተሰብስበን ሙሴ ይመረጥ ሲባል፣ ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ እባክህ አንተ ሁንልን» አሉ።

«እሺ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ሽማግሌው ሁለተኛውን ልመና ሊጀምሩ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። እትዬ ስመኝ ብቻ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከኋላዬ አንዱ፣ ለካ ይሄም ሥልጣን ይወዳል ሲል ሰማሁት። ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ፣ «ምነው፣ ሁለቴ እንኳ ብትለመን ምን ነበረበት? ምግብ አይቶ የማያውቅ አስመሰልከን እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አፍሬያለሁ። ግን ርቦኝ ነበር።

የሙሴ የመጀመሪያ ሥራው የቀረውን ማኅበርተኛ መመለስ ነው። በማግስቱ ጠዋት መላጊያው መሰማት ሲጀምር ተነሣሁ። አጥሩን ዞሬ በሩ ላይ ቆምኩ። ውበቱ ቀና ሳይል ይልጋል። ሽበቱ በዝቷል። አጥር ለአጥር እየኖርን ሽበቱ መብዛቱን አላየሁም ነበር።

«ሙሴ ሆነሃል አሉ» አለኝ።

«ሆኛለሁ።»

«አሁን የመጣኸው ሙሴ ሆነህ ነው ወይስ ጎረቤቴ ሆነህ?»

ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ሙሴ ከሆንክ ቤት ለእንግዳ ነው፣ ግባ። ጎረቤቴ ከሆንክ ግን ከዚያ ሰውዬ ጋር ተቀያይመናል። አስታራቂ ሳይኖር አላናግረውም።»

ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል። ዳኛው እኔ፣ ተከሳሹም እኔ። መጽሐፍ ስለ ሰሎሞን ፍርድ ብዙ ይናገራል፤ ሰሎሞን ግን በሁለቱ ሴቶች ነገር እንጂ በራሱ ላይ አልፈረደም። እግሬ ወደ ቤቴ ሊመለስ ፈለገ። ከእኔ የሚሻል አስታራቂ አይጠፋም ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«እንግዲያውስ ሙሴ ነኝ» አልኩት። «ነገሩን ሰምቻለሁ፣ ውሃው የወረደበትንም አይቻለሁ። ጥፋተኛው ያ መምህር ነው። ሲሚንቶውን በገዛ እጁ ይሰብራል፣ ለውሃውም ቦይ ይቆፍራል። ያን ለፍልፎ ያስረዳህን ነገር ሁሉ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቅበታል።»

ውበቱ መላጊያውን አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ፊቴን ካየ በኋላ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ በሩ ተመለከተ።

«በሌለ ሰው አይፈረድም» አለ። «እሱንም ጥራውና ሁለታችሁም ግቡ።»